ያላነከሰው ዱካ

ሬሳው ያለበት ክፍል በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ፖሊሶቹም እንደ ማንኛውም ምእመን ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ። ኢንስፔክተር ይማርሽ አድማሴ በአሥራ አራት ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ በባዶ እግሯ ወንጀል ስትመረምር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳጅን ደግሰው ቀድሟት ገባና፣ "ሲረግጡ ይጠንቀቁ፣ ወለሉ ሁሉ ስባሪ ነው" አላት።

ክፍሉ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በግማሽ ሰዓት ዳገት ከሚደረስባት አንዲት ትንሽ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጎን ከአለቱ የተፈለፈለ ነው። ሟቹ ዶክተር ኢያቄም እዚሁ አገር ተወልዶ፣ እዚሁ ዳዊት ደግሞ፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የኬሚስትሪ ሰው የሆነ የአርባ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበር። የነሐሴ ዝናብ የመብራት ምሰሶ ከጣለ ወዲህ የሆቴሉ ፍሪጅ ስለማይሠራ፣ ብልቃጦቹን ከሦስት ቀን በፊት ወደዚህ አስመጣ። አለቱ ክረምት ከበጋ ብርዱ ያው ነው። የአገሩ ልጅ ስለሆነ ይህን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

አሁን በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ከድንጋዩ መደብ ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየውና ቆዳው እንዳልተከፈተ፣ ደሙ ወደ ውስጥ እንደፈሰሰ ነገራት። ገፍተው ጥለውታል፤ ወይም ተንሸራቶ ወድቋል። ሣጥኑ ተገልብጧል፤ ብልቃጦቹ ረግፈዋል።

"ተንሸራቶ ከሆነ ይህ የማን ነው?" አለ ደግሰው፣ በጣቱ ወደ ወለሉ እያመለከተ።

ከሬሳው አጠገብ ተነስተው እስከ ደጃፉ የሚደርሱ ስድስት የባዶ እግር ዱካዎች ነበሩ፣ በደም የታተሙ። ከደጃፉ ወዲያ ያለውን ዝናቡ አጥቦታል። ይማርሽ ተንበርክካ አየቻቸው። ሰፋፊ የወንድ እግር ነው። የቀኝ እግሩ ተረከዝ ላይ፣ በሦስቱም፣ የገብስ ፍሬ የምታክል ባዶ ቦታ አለች፤ ደሙ የከበባት ግን ያልነካት። ይህች ባዶ ቦታ ምን እንደሆነች ያን ጊዜ አላወቀችም።

እዚያ ክፍል ውስጥ የራሷም ጉዳይ ነበራት። ከተሰበሩት ሠላሳ አንድ ብልቃጦች አንዱ የእሷ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት መለዮዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እንደ ሌባ በሆቴሉ የጓሮ በር ገብታ ለኢያቄም ደም ሰጥታለች። አባቷ አድማሴ እግሩ ደንዝዞ ነው የሞተው። መጀመሪያ እሳት ዳር ተቀምጦ ጣቱ ሲቃጠል ሽታውን እንጂ ሕመሙን አልሰማም። ቀጥሎ እጁ፣ በመጨረሻ ልቡ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አባቱም እንደዚሁ። በብልባላ በኩል ይህን ዘር "እግረ ድንዝ" ይሉታል፤ ልጅ የሚሰጠውም ልጅ የሚቀበለውም የለም። አድማሴ ለዚህ ነው አገሩን ጥሎ ላሊበላ የገባው። ሲሞት ሪህ ነው ተባለ፤ ልጆቹም ሪህ እንዳሉ ኖሩ። ውጤቷን ኢያቄም በዚህ ሳምንት ሊነግራት ነበር።

ይህን ለኮማንደሩ መናገር ነበረባት። ከተናገረች ምርመራው ከእጇ ይወጣል፤ የዘሩም ስም አደባባይ ይወጣል። የወንድሟን ልጅ ወለተ ሩፋኤልን ሊጠይቁ ሽማግሎች ፍልሰታ እንደተፈታ ይመጣሉ። ስለዚህ ዝም አለች፤ ዝም ባለች በዚያች ደቂቃም በምስጢሩ ተያዘች።

*

ኤልሳቤጥ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

"እጅሽን ምን ነካው?" አለቻት ይማርሽ።

"ትንፋሽ እንዳለው ለማየት ስንበረከክ ብልቃጡ ቆረጠኝ።"

"ከክፍሉ ስትወጪ ስንት ሰዓት ነበር?"

"ሰባት ተኩል። ባትሪ ከመኪናው ላመጣ ወረድኩ። ስመለስ ስምንት ተኩል ሆኖ ነበር፤ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት። ጮህኩ። ዘበኛው መጣ።"

"ትናንት ሆቴል ውስጥ ስትጨቃጨቁ ተሰምታችኋል።"

ኤልሳቤጥ አንገቷን ደፋች። "ውጤቱን ለሰዎቹ ቶሎ እንንገር አለኝ። እኔ ደግሞ ሥርዓት አለው አልኩት። ፈቃድ ይጠበቃል። ከዚያም ውጤቱ የሚነገረው ለደሙ ባለቤት ብቻ ነው፤ ለአባትም ለእናትም አይነገርም። እሱ ግን ጊዜ የለንም አለ።"

"ለምን ጊዜ አይኖራችሁም?"

"ምን እንደምንሠራ ያውቃሉ?"

ይማርሽ የምታውቀውን ያህል ታውቃለች፤ ግን አላውቅም አለች። ኤልሳቤጥ ባልተጎዳው እጇ ጠረጴዛው ላይ እየሣለች አስረዳቻት። በሰው ደም ውስጥ አራት ሆነው ተያይዘው የሚሄዱ ፕሮቲኖች አሉ። ቃሬዛ እንደተሸከሙ አራት ሰዎች አድርገው ያስቧቸው አለች። በአንዳንድ ዘር ውስጥ መያያዣቸው ከውልደት የላላ ነው፤ ሲለያዩ ይበላሹና እየተከማቹ ነርቭ ላይና ልብ ላይ ይጋገራሉ። እነሱ ደግሞ አራቱ በሚገናኙበት መሀል ያለችውን ክፍተት በኮምፒውተር እያዩ፣ እዚያች ውስጥ ገብታ የምትይዛቸው ትንሽ ሞለኪውል ይሠራሉ።

"እንደ ሽብልቅ" አለች ይማርሽ፣ የገበሬ ልጅነቷ አምልጧት።

"ዶክተርም እንዲያ ነበር የሚለው።" ኤልሳቤጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "ሰማንያ ሁለት ሠርተን ሁሉም ወደቁ። አንዷ ትገባለች ግን አትቆይም። ሌላዋ ደም ውስጥ ካለ ሌላ ነገር ጋር ተጣብቃ ትቀራለች። ሰማንያ ሦስተኛዋ ያዘች። ለብቻው የቆመውን ቁራጭ ዞር ብላ አታየውም፤ ሁለት ጎን ሲገጥም ብቻ መሀል ትገባና ትይዛለች። በዚህ አገር ዘር ደም ላይ ስንሞክራትም ያዘች። መድኃኒት ለመሆን ገና ዓመታት ይቀሯታል። ግን አንድ ነገር አለ፤ የተለያየውን መልሳ አታገናኝም። ያልተለያየውን ነው የምትይዘው። ሰው ከመታመሙ በፊት ካላወቀ ምንም አታደርግለትም። ዶክተር ጊዜ የለንም ያለው ለዚህ ነው።"

ይማርሽ እግሯን ጠረጴዛው ሥር አንቀሳቀሰች። አምስቱም ጣቶች ተሰሟት። በየቀኑ እንዲህ ትቆጥራቸዋለች።

"ይህን ሁሉ የት ነበር የሚጽፈው?"

"ኮቱ ኪስ ውስጥ ጥቁር ደብተር ነበረው። አላገኛችሁትም?"

"የለም። ሌላ አንድ ጥያቄ። ከብልቃጦቹ ደም ፈሶ ነው ወለሉ የቀላው?"

"ደም የለባቸውም እኮ። ቀዩን ለይተን ጥለናል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቢጫ ውኃ ነው።"

*

ኮማንደሩ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሰው ናቸው። "ዘበኛው ከዚህች ልጅ በቀር በበሩ የገባም የወጣም የለም ይላል። ተጣልተው ነበር። እጇ ተቆርጧል። ምን ቀረሽ?"

"ዱካው ቀረኝ። የወንድ እግር ነው።"

"ዘበኛው ጩኸት ሰምቶ ሲሮጥ የረገጠው ይሆናል።"

"ደሙስ?"

"የልጅቷ እጅ ደማ የለም እንዴ? ስሚ ይማርሽ፣ የጋሸና መንገድ በናዳ ባይዘጋ ኖሮ ዛሬውኑ ወደ ወልድያ አስተላልፋት ነበር። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይከፈታል አሉ። እንደተከፈተ ትሄዳለች።"

የመንገዱን ነገር ኤልሳቤጥም ሰምታለች። አውሮፕላኑ በጉም ምክንያት ከመጣ አራት ቀኑ ነው፤ ኔትወርክ የለም፤ እናቷ ልጃቸው የት እንዳለች አያውቁም። በዚያ ሳምንት ላሊበላ ውስጥ ያልታሰረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የእሷ ብቻ በቁልፍ ነው።

*

መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሥር ምሰው፣ ቅጠል ቀጥቅጠው የሚሰጡ ናቸው፤ ኢያቄምን "ደም ቀጂው" እያሉ በአደባባይ ያሙት ስለነበር ደግሰው ከእሳቸው እንጀምር ብሎ ነበር። ይማርሽ የቤተ ልሔሙ ጥግ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ሰላምታ ሰጥታ ዝቅ አለች። ዓይኗ እግራቸው ላይ ነበር። ተረከዛቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ ቁስል ግን የለበትም።

"የኔታ፣ ትናንት ቅዳሴ ላይ ነበሩ?"

"የት ልሁን ታዲያ ልጄ? በፍልሰታ።"

"ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ድረስ ማን ማን ነበር ውስጥ?"

"እኔ ሰዓት አላስርም። ወንጌል ሲነበብ ሁላችንም ነበርን። እግዚኦታ ሲደረስም ሁላችንም ነበርን። ጩኸቱን የሰማነው ልንቆርብ ስንል ነው።"

"በመሀሉ የወጣ የለም?"

"ቅዳሴ ተጀምሮ ማን ይወጣል? አንድም ሰው አልወጣም።" ሽማግሌው በዓይናቸው መዘኗት። "ያን ልጅ ገደልከው ብትዪኝ አልቀየምሽም። አምቼዋለሁ። ግን ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። የዳዊቱን መዝሙር አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዝ ነበር። እሱ ብራና አያስፈልገውም፤ ራሱ ብራና ነው እያልኩ እኮራበት ነበር።"

አለቀሱ። ይማርሽ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት አትችልም፤ ምስክርነቱን በችኮላ አስፈርማ ወጣች።

*

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ክፍሉ ብቻዋን ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀችና በመጀመሪያው ዱካ ጎን ቆመች። በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ፣ ከጎናቸው ተራመደች። ሦስተኛው ላይ አንዲት ስባሪ የቀኝ እግሯን ወጋቻት። ሳታስበው እግሯን አነሳች፤ ቀሪውን መንገድ በጣቷ እያነከሰች ጨረሰችው።

ዘወር ብላ የራሷን ጭቃማ ዱካ አየች። የቀኝ ተረከዟ ከዚያ በኋላ መሬት አልነካም።

የዚያኛው ሰው ግን ነክቷል። ስባሪው ተረከዙ ውስጥ ገብቷል፤ የገብስ ፍሬ የምታክለዋ ባዶ ቦታ እሷ ናት። ደሙም የራሱ ነው፤ ግራ እግሩም በዚያው ደም ተነክሯል። ሆኖም ስድስት እርምጃ ሙሉ፣ እኩል፣ ተረከዙን አጥብቆ እየረገጠ፣ ሳያነክስ ወጣ። የማያመው ሰው ነው።

ይማርሽ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ምስማር የወጋውን እግሩን ይዞ ከማሳ ሲመለስ፣ እናቷ "ደም!" ስትለው ጎንበስ ብሎ እንደ ሌላ ሰው እግር ሲያየው ትዝ አላት። ገዳዩ ከሠላሳ አንዱ ሰዎች አንዱ ነው። ደሙ የእሷ ደም ነው።

ይህን የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ከባድ ያደረገባትም ይኸው ነው። ዝም ብትል ኮማንደሩ ዱካውን የዘበኛው ነው ብለው ይዘጉታል፤ ኤልሳቤጥ ወልድያ ትሄዳለች፤ የአድማሴ ልጆች ስም እንደተሸፈነ ይኖራል። መናገርም አይጠበቅባትም፤ ዝናቡ አንድ ሌሊት ወደ ውስጥ ቢገባ ዱካውም አይኖርም። በሩን ክፍት ትታ መሄድ ብቻ ነው። ይማርሽ ይህን አሰበች፤ ሳታፍር አሰበች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ስድስቱንም ፎቶ አነሳችና በሩን ከርችማ ወጣች።

*

ከዘሩ መካከል እግሩ እንደደነዘዘ በግልጽ የሚታወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአጎቷ ልጅ ውዱ፣ የቅጥሩ ዘበኛ። በሩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ የገባ የለም ያለውም እሱ ነው። ይማርሽ ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ብላ ተመኘች፤ ወዲያው በምኞቷ አፈረች።

"ቡትስህን አውልቅ" አለችው።

"ምን አደረግኩ እቴ?"

"አውልቅ ብያለሁ።"

ውዱ እያጉረመረመ አወለቀ። ሁለት ጣት የለውም፤ ያለፈው ዓመት ነው የተቆረጡት። ተረከዙ ግን ደህና ነው።

"ከዚያ ወዲህ እኔ በባዶ እግሬ መሬት አልነካም" አላት። "ሐኪሙ ከልክሎኛል። ቄሶቹ እንኳ ፈቅደውልኛል፤ ትናንት ስገባም ከነቡትሴ ነው የገባሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።"

"በዚህ በር በእውነት ማንም አልገባም?"

"በልጆቼ እምላለሁ። ልጅቷ ወጣች፣ ልጅቷ ገባች። ሌላ የለም።"

እንግዲያው ገዳዩ ከውጭ አልመጣም። ባዶ እግሩን የሆነውም ለዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። መሪጌታ ደግሞ ማንም አልወጣም ይላሉ። ይማርሽ ትናንት ከቆሙት ውስጥ የማን እናት፣ የማን ቅድመ አያት ከዘሩ እንደሚገናኝ ማወቅ አለባት። ይህን የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ቄስ ሰውአገኝ። ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ይጋባሉ አይጋቡም ብሎ የሚፈርደው እሱ ነው። አባታቸው ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችውን ይማርሽን አዝሎ ያሳደጋትም እሱ ነው። ምስጢሯን ለአንድ ሰው ተናግራ እፎይ ማለት ከፈለገች፣ ያ ሰው እሱ ነበር።

*

ሰውአገኝ ከሱባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤቱ ብቅ ያለው በዚያን ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ መትቶታል። ይማርሽ ቀድማው ደርሳ ከባለቤቱ ከጥሩሰው ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ወለተ ሩፋኤል ጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማል።

"አያ፣ እንዴት ዋሉ?" ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ከሳሽ?"

"አንቱ ከመረቁኝ እወፍር ይሆናል" አለች፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ጥሩሰው የእግር ውኃ ይዛ መጣች። ይማርሽ ከእጇ ተቀበለቻት። ኢንስፔክተር ብትሆንም ታላቋ ከመንገድ ሲገባ እግሩን የምታጥብ ታናሽ እህት ናት፤ ይህንን ሥራ ለማንም ለቅቃ አታውቅም። የፕላስቲክ ጫማውን አወለቀችለት፤ የረጠበ ካልሲውን ገፈፈች።

"ዘር ሊቆጥሩልኝ ነው የመጣሁት" አለች። "ትናንት ቅዳሴ ላይ ከቆሙት ሁሉ ማን ከእኛ እንደሚገናኝ።"

"ለምንሽ?"

"ለሥራ።"

ጣቷን ውኃው ውስጥ ብትከት አንጨረጨራት፤ መለሰችው። "ቆይ አያ፣ ቀዝቃዛ ልጨምር፤ ፈልቷል" ልትል አፏን ስትከፍት ሰውአገኝ ሁለቱንም እግሩን ሳህኑ ውስጥ አስገባ።

"ጥሩ ነው" አለ፣ ትክ ብሎ እያያት። "ሞቅ ብሏል።"

ይማርሽ ጎንበስ አለች። እጇን እያቃጠላት ወደ ውኃው መለሰች። ግራውን አጠበች። ቀኙን አነሳች። ከተረከዙ ወፍራም ቆዳ መሀል የሆነች ነገር ጣቷን ጫረቻት። በጥፍሯ ስትነካካት ሰውአገኝ አልተንቀሳቀሰም። ስባሪዋን ይዛ ሳበቻት። ወጣች፤ ደም ተከትሏት ውኃው ውስጥ ገባ።

"ምን ሆንሽ ይማርሽ?" አለ። "ለምን አቆምሽ?"

መዳፏን ዘረጋችለት። የገብስ ፍሬ የምታክል መስታወት። ሰውአገኝ መጀመሪያ ስባሪዋን፣ ቀጥሎ የቀላውን ውኃ አየ። አባታቸው እንደሚያየው ነው ያየው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው። አባቷ ዳግም የሞተ ያህል ነበር የከፋት።

"ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መቆምም አልችል ነበር፤ መቋሚያው ነው የያዘኝ።"

"ማንም አልወጣም ብለውኛል መሪጌታ።"

"ጧፍ አልቆ ነበር። ወንጌል እንደተነበበ ከዕቃ ቤት ላመጣ ወጣሁ። ይሄ አገልግሎት ነው፤ እኛ መውጣት አንለውም። የኔታ አልዋሹሽም። ዕቃ ቤቱና የእሱ ክፍል ጎን ለጎን ናቸው።" ድምፁ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር። "ዘሩን የቆጠርኩለት እኔ ነኝ፤ ለታሪክ መስሎኝ። ሠላሳ አንድ ሰው፣ ከአያታችን ጀምሬ፣ በተራ፤ እኔም ልጄም ደም ሰጠን። ኋላ የምን ቆጠራ እንደሆነ ሲገባኝ ለመንኩት። ሽማግሎች እስኪመጡ፣ ልጄ እስክትዳር ውጤቱን ያዘው አልኩት። ልጅቷ ራሷ ማወቅ አለባት አለኝ። ዛሬ ካላወቀች ነገ አይጠቅማትም አለኝ። ደብተሩን ከኪሱ ልነጥቀው ያዝኩት። እሱም ያዘኝ። ገፋሁት። ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ... ጧፉን ይዤ ገባሁና እግዚኦታ አደረስኩ። ይኸው ነው።"

ጓዳ ውስጥ ወለተ ሩፋኤል አሁንም እየሳቀች ነበር።

"ደብተሩስ?"

ከደረቱ አውጥቶ ሰጣት። ይማርሽ ገለጠችው። ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ በየቁጥሩ ፊት ልኬት። አንድም ስም የለበትም። እስከ መጨረሻው ገለጠች፤ የለበትም።

"ስሙን በቃሉ ነው የያዘው" አለ ሰውአገኝ። "የቆሎ ተማሪ አይደል? ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በጧፍ ብርሃን ሦስት ጊዜ ገለጥኩት። ልሸሽግ ያልኩት ነገር ድሮም እዚህ ውስጥ አልነበረም።"

እግሩን በነጠላዋ አደረቀችለት። ቁስሉን አሰረችለት፤ ካልሲውንም ደረቅ ቀይራ አጠለቀችለት። ከዚያ እጁን ይዛ አስነሳችው።

*

ኮማንደሩ ሁሉንም ሰምተው መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ብልቃጡ ውስጥ ደምሽ እንዳለ ያኔውኑ ብትነግሪኝ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። "ከአሁን ጀምሮ መዝገቡ ከእጅሽ ወጥቷል። ወንድምሽ ነው። አንቺም ለዚህ ትጠየቂያለሽ።"

"አውቃለሁ ኮማንደር።"

መንገዱ ተከፈተ የተባለው በማግስቱ ጠዋት ነው። ኤልሳቤጥ ተፈታለች፤ ሻንጣዋን አስራለች፤ ግን አልሄደችም። ኮምፒውተሯን ታቅፋ ይማርሽን ደጅ ላይ ጠበቀቻት።

"ውጤቱ እኔ ጋ አለ። የሠላሳ አንዱም" አለች። "አሥራ አራቱ አለባቸው። ሰማንያ ሦስተኛዋ በአሥራ አራቱም ይዛለች። ግን ማን ማን እንደሆኑ አላውቅም። ቁጥር ነው ያለኝ። ስሙን የሚያውቀው ዶክተር ብቻ ነበር።"

"ቁጥሩን እንዴት ነው የሰጣቸው?"

"ዘሩ በተቆጠረበት ተራ ነው ይል ነበር።"

ይማርሽ የኮማንደሩን ፈቃድ ጠይቃ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ሰውአገኝ ወዳለበት ክፍል ገባች። ኤልሳቤጥ ተከትላት ቆመች። ሰውአገኝ ተረኛ ፖሊሱ በሰጠው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዳዊቱ ጭኑ ላይ ነው።

"አያ፣ እንደቆጠሩለት ይቁጠሩልኝ" አለችው። "በዚያው ተራ።"

ዳዊቱን ማንበቡን ቀጠለ።

"አሥራ አራት ሰው ነው። አንቱ ካልቆጠሩ ማንነታቸውን የሚያውቅ የለም። እንደ አባባ ሳያውቁ ይሄዳሉ።"

ሰውአገኝ ሲያነበው የነበረውን ዳዊት ዘጋ። የአንድን ሰው ሕይወት ያጠፋው ይህ ቆጠራ ከአፉ እንዳይወጣ ነበር። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሙሽሮች ፊት እንደሚቆጥረው፣ ቀስ ብሎ ጀመረ። የአያታቸው የበኩር ልጅ ጽጌማርያም። የጽጌማርያም ልጆች። ይማርሽ ጻፈች። ወልደ ኪዳን። የወልደ ኪዳን ልጅ ውዱ። ሃያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሻከረ። ሃያ ዘጠኝ፣ "እኔ" አለ። ከዚያ ቆመ።

ሠላሳኛው መስመር ባዶ ነው። ይማርሽ ጠበቀችው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ።

"ወለተ ሩፋኤል" አለ በመጨረሻ። "ሠላሳ አንድ፣ አንቺ።"

ኤልሳቤጥ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። ሰውአገኝ ከበርጩማው ተነሳ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ እሷ ዞረ። ይማርሽ ወንድሟ ሰው ሲለምን አይታ አታውቅም።

"ልጄ፣ ሠላሳ ላይ ምን ይላል?" አላት። "አለባት?"

ኤልሳቤጥ ይማርሽን አየቻት። ይማርሽ አንገቷን ደፋች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባ" አለች ኤልሳቤጥ። "ውጤቱ የሚነገረው ለደሙ ባለቤት ብቻ ነው።"

ሰውአገኝ ግድግዳውን ለቀቀ። ከዚያ እየዳበሰ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እግሩ መሬት መንካቱን ለማወቅ ዝቅ ብሎ በዓይኑ አየ።

ኮሪደሩ ላይ ኤልሳቤጥ፣ "የእርስዎን ግን አሁን ልነግርዎ እችላለሁ" አለቻት።

ይማርሽ ጫማዋ ውስጥ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። "ተዪው። ልጅቷን ላምጣትና አብረን እንሰማለን" አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ዝናቡ ወጣች። ከኋላዋ፣ ከተቆለፈው በር ወዲያ፣ ወንድሟ እንደገና ከላይ ጀምሮ ሲቆጥር ይሰማት ነበር።